ሁለቱ ሸኚዎች

ካሜራው የእህቴ ባል ንብረት ነው፤ ቢጠፋብኝ እሷን ቀና ብዬ አላያትም። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ብቻዬን ደመና ሳነሳ ቆይቼ ዞር ስል፣ ሁለት ጎረምሶች ይከተሉኛል። ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ከትቼ እትዬ ፋሲካ ሱቅ ዘው አልኩ።

«እትዬ፣ እነዚያ ልጆች ሊቀሙኝ ነው» አልኳቸው በሹክሹክታ።

እትዬ አንገታቸውን በበሩ አወጡ። «ወንድዬ፣ አማኑ፣ ኑ እስቲ። ይህን ልጅ ታክሲ ድረስ ሸኙት። ዕቃው ቢጠፋ እናታችሁን ነው የማናግረው።»

ልጆቹ እየሳቁ ግራና ቀኝ ያዙኝ።

«አንተ ሰማይ ሰማዩን ስታይ ጫማህን ቢያወልቁህም አትነቃ» አለኝ ወንድዬ።

ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተረፍኩ ስል፣ አማኑ በበሩ ብቅ አለ። «እናቶች፣ ይሄ ልጅ ፌስታሉ ውስጥ ውድ ካሜራ ይዟል፤ እንዳይሰርቁት አደራ።»

እስከ አየር ጤና ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ዓይኑን ከፌስታሌ ላይ አልነቀለም።