ከበሮው የታሰረበት ጾም

በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ የወረዳው ካድሬ ጓድ አባስ ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የመንደራችንን ሕዝብ በወይራው ሥር ሰብስቦ፣ ነፍስ የምትባል ነገር እንደሌለች አስተማረ። ብልህ ወጣት ነበር፤ ምሳሌ መምረጥም ያውቅበታል። የቤተ ክርስቲያናችንን ትልቅ ከበሮ አስመጥቶ አንድ ጊዜ በመዳፉ መታውና፣

«ሰማችሁ?» አለ። «ይህ ድምፅ ከቆዳውና ከእንጨቱ የተለየ ሕይወት አለው? ቆዳው ሲቀደድ ወዴት ይሄዳል? የትም! ነፍስ የምትሏትም የአካል ድምፅ ናት፤ አካል ሲፈርስ ታበቃለች።»

ከበሮውን ለኪነት ቡድኑ ብሎ በበቅሎ አስጫነው። ሲሄድም፣ «ዜማችሁ ከቆዳው ውጭ ይኖር እንደሆነ መጥቼ እሰማለሁ» አለ።

የደብሩ የዜማ መምህር መሪጌታ ፈንታው አንድ ቃል እንኳ አልመለሱም። ዝምታቸው ከሁሉ ይልቅ የጎዳው ወይዘሮ ስሜነሽን ነበር። ያን ከበሮ ዕድሜውን ሁሉ የመታው ባለቤቷ የተቀበረው በኅዳር ነው። ሰዉ ሲበተን መሪጌታን መንገድ ላይ ጠብቃ አቆመቻቸው።

«መሪጌታ፣ መልስ ካለዎት ይንገሩኝ፤ ከሌለዎትም ይንገሩኝ። ባሌ ካለ እንዳለ ልጠብቀው፣ ከሌለም እንደሌለ ላልቅሰው። እንዲህ መሐል ላይ አያቁሙኝ።»

«መጥቼ እሰማለሁ ብሏል» አሏት። «ይምጣና ይስማ። እስከዚያው አታልቅሺ።»

ዐቢይ ጾም ገባ። በደብረ ዘይት እሑድ ጓድ አባስ ዝምታችንን ሊሰማ መጣ። ገና ከቅጥሩ በር ሳይደርስ ዜማው ተቀበለው። ካህናቱ በሁለት ረድፍ ቆመው መቋሚያቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዘነበሉ ያዜማሉ። ከበሮ የለም፤ ጸናጽልም የለም። ከዜማው ግን የጎደለ አልነበረም።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በወይራው ሥር ሲቀመጥ፣ «ሌላ ከበሮ ደብቃችኋል እንዴ?» ሲል አባስ ጠየቀ።

ሳቁ ከሴቶቹ በኩል ተነሣ። «ኧረ ጉድ! ጾም መግባቱን የነገረው የለም!» አለች አንዷ።

መሪጌታ እጃቸውን አንሥተው ሳቁን አስቆሙ።

«ልጄ፣ የወሰድከው የማይመታበት ወራት ሊገባ ሲል ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮ ይሰቀላል፤ እስከ ፋሲካ የሚነካው የለም። በየዓመቱ ቆዳውን ከዜማው እንለያለን፤ ዜማውም ሞቶ አያውቅም። አንተ ሞት ያልከውን እኛ ጾም እንለዋለን። ድምፅ ከቆዳ ይወጣል፤ እውነትህን ነው። ዜማ ግን ቆዳውን ‹አሁን ጩኽ፣ አሁን ዝም በል› የሚለው ነው። አዛዡንና ታዛዡን አንድ አደረግሃቸው።»

አባስ ፊቱ ቀላ፤ ሆኖም በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም።

«እንግዲያው አያስፈልጋችሁም» አለ። «ዜማው ያለ ቆዳ የሚኖር ከሆነ ከበሮው እኛው ዘንድ ይቅር። ነፍስስ ያለ አካል መኖር ከቻለች፣ አካልን ምን ታደርግበታለች?»

የሚስቅ ጠፋ። ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነበር። ስሜነሽ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ የመሪጌታን ከንፈር ትመለከታለች።

መሪጌታ፣ «የኪነት ልጆቹ ይመቱታል?» አሉ።

«ለዘፈን ከበዳቸው። አዳራሹ ጥግ ተቀምጧል።»

«እንዲያው ተቀምጧል?»

«ዘበኛው... አልፎ አልፎ ይቀመጥበታል።»

«እንግዲህ ተመልከት» አሉ መሪጌታ። «ዜማው ያለ ከበሮው ዜማ ነው፤ ከበሮው ያለ ዜማው በርጩማ ሆነ። የምንጠይቅህ ዜማችን እንዳይሞት አይደለም፤ ቆዳው ቆዳ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። የነፍስም ሥራዋ ይኸው ነው፤ ያለ እርሷ ዕቃ ሆኖ የሚቀረውን ማናገር። ጾሙ ሲያልቅ ወደ አካሏ የምትመለሰው ቸግሯት አይደለም፤ የራሷ ስለሆነ ነው።»

ስሜነሽ ተነሥታ ቆመች። «በቃኝ» አለች። «እጠብቃለሁ።»

አባስ አሁን የተናገረበት ድምፅ የስብሰባ ድምፁ አልነበረም።

«አያቴ መንዙማ ይሉ ነበር። አልጋ ላይ ወድቀው ድቤ መምታት ሲያቅታቸው፣ በከንፈራቸው ብቻ ይሉት ነበር።»

«ታዲያ ጎደለባችሁ?»

«አልጎደለብንም፣ መሪጌታ።»

ስብሰባው በዚያ ቀን ያለ መፈክር ተዘጋ።

በቀዳም ሥዑር አንዲት በቅሎ ከላሊበላ መጣች። ከበሮው በአዲስ ጠፍር ተወጥሮ ነበር። ጓድ አባስ ለአለቆቹ ምን ብሎ እንዳስረዳ እስከ ዛሬ አላወቅንም። በፋሲካ ንጋት የሟቹ የስሜነሽ ባል ደቀ መዝሙር ከበሮውን በአንገቱ አጥልቆ የመጀመሪያውን ምት ሲያሳርፍ፣ ካህናቱ በአንድነት ተነቃነቁ፣ ምድሩም ከእግራችን ሥር የተንቀጠቀጠ መሰለን። ከሁሉ በላይ የተሰማው የስሜነሽ እልልታ ነበር።

«ተፈታ!» አለች፣ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ። «ጾምህ ተፈታ!»

ለማን እንደምትናገር የጠየቃት አልነበረም።