የእሁዱ ብቅል

በስኮትላንድ የሉዊስ ደሴት ሰው ሰንበት ያከብራል ሲባል ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እሁድ ውሃ እንኳ አይቀዳም፣ ቅዳሜ ተቀድቶ ያድራል። የፊንሌይ አባት ቶርኩዊል ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ አባትና ልጅ ውስኪ በሚያወጡባት ትንሽ ቤት እሁድ ብቅል የሚነካ እጅ የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ብቅሉን ወለሉ ላይ ስስ አድርገው ይበትኑታል፤ ስስ ከሆነ ሳይገላበጥ ቢውልም አይግልም።

ያን ቅዳሜ ግን ውርጩ አጥንት ይበሳ ነበር። ፊንሌይ ብርዱ እንዳይገድልበት ፈርቶ ብቅሉን ወፍራም አድርጎ ከመረው። ምን ያድርግ፣ የቀረው ገብስ ያ ብቻ ነው፤ ሌላው በዝናብ ማሳው ላይ በስብሷል። ይህ ከጠፋ የውስኪው ምድጃ አይነድም፤ እሱም ሚስቱን ሞራግንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ካናዳ መሰደዱ ነው።

እሁድ ሲነጋ ሞቃቱ የደቡብ ነፋስ ገብቶ ውርጩን እንዳልነበረ አደረገው። ፊንሌይ አባቱን ለመናቸው፤ አንዴ ብቻ ላገላብጠው፣ ነፍስ ማዳን እኮ ነው አላቸው። እሳቸው ኮታቸውን እየቆለፉ፣ በሬ ጉድጓድ ቢገባ በሰንበትም ይወጣል፣ ውስኪ ግን በሬ አይደለም ብለው አሳጠሩት።

ቤተ ክርስቲያን ገባ፣ ግን ምን ሰማ? የሰባኪው አፍ ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ ልቡ ብቅሉ ዘንድ ነው። ሁለተኛው መዝሙር ሲጀመር አላስችል አለውና ተነሥቶ በሰው መሐል ወጣ። ሞራግ እጅጌውን ይዛው ነበር፣ አመለጣት። ሕዝቡ ሁሉ አየው፤ ከእንግዲህ በዚያ መንደር ደህና ዋልክ የሚለው የለም።

በሩን ሲከፍት እንፋሎቱ ፊቱን መታው። የብቅሉ ሥር ተጠላልፎ ምንጣፍ ሆኗል፤ እጁን ቢሰድ ፈጀው፤ ሽታውም ኮምጥጧል። የእንጨት አካፋውን አንሥቶ እያለቀሰ ይገለብጥ ጀመር። ምስኪን፣ ነፍሱንም ገብሱንም በአንድ ቀን አጣ።

ጸሎቱ ሲያበቃ አባቱ በጥቁር ልብሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። ፊንሌይ እርግማን ጠበቀ።

«ሞቷል፣ አባባ» አላቸው።

ጎንበስ ብለው አንድ ፍሬ አነሡና በጥፍራቸው ከፍለው አዩት። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ ሰቀሉና ሁለተኛውን አካፋ ያዙ።

«ኧረ አባባ፣ ምን ያደርጋል? አልቋል እኮ። ደግሞ እሁድ ነው።»

«መቼ ጠፋኝ» አሉ። «አንተ ብቻህን ስትኮነን ቆሜ አላይም።»

ጎን ለጎን ሆነው የሞተውን ብቅል እስኪጨርሱ ገለበጡት።