የሹራብ ሠሪዋ ቀኝ ክርን

ሹራብ ሠሪዋ ኮምፒውተር የሚጠቀሙት በክርናቸው ነበር። ሁለቱ እጆቻቸው የሹራብ ማሽኑን እጀታ ይዘው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይገፋሉ። አንድ ረድፍ ባለቀ ቁጥር ቀኝ ክርናቸው የኪቦርዱን ረጅም ቁልፍ ጎሸም ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ከቴሌቪዥን ጋር የተያያዘው አሮጌ ኮምፒውተር በቀጣዩ ረድፍ የትኞቹ መርፌዎች እንደሚነሱ ለማሽኑ ይነግራል። ኮምፒውተሩና ኪቦርዱ አንድ አካል ናቸው፤ ክብደቱ የጡብ ያህል ስለሆነ ክርን ቢያርፍበት ንቅንቅ አይልም።

ማክሰኞ ጠዋት ረጅሙ ቁልፍ ሞተ። ከሥሩ ያለው ስስ ፕላስቲክ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ኖሮ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ሌሎቹም ቁልፎች ተከተሉት። ቅዳሜ ቀትር ላይ ደግሞ ደረታቸው ላይ አውራ ዶሮ ያለባቸውን ሃያ ሹራቦች ሊወስድ የትምህርት ቤቱ መኪና ይመጣል። ሃያው ካልሞላ የከርሞውን ሥራ ለፋብሪካ እንደምትሰጥ ዲሬክተሯ ቁርጡን ነግራቸዋለች። ሹራብ ሠሪዋ ሌላ ደንበኛ የላቸውም። የተሠራው አሥራ አራት ነው።

የልጃቸው ባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። በእሱ እምነት በሽቦ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች በምድር ላይ የሉም። ረቡዕ ዕለት እንደ ብስኩት የሳሳ፣ ሽቦ አልባ፣ ከሥሩ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ኪቦርድ ይዞ ከች አለ። ከእሱ ጋር የክብሪት ቀፎ የምታህል የኮምፒውተር ሰሌዳ አለች። አዲሱ ኪቦርድና አሮጌው ኮምፒውተር ስለማይግባቡ እሷ ታስተረጉማለች አለ፤ አክሎም የሰሌዳዋን ጉልበት አወደሰ፤ ከአሮጌው ኮምፒውተር ሺህ ጊዜ ትፈጥናለች።

“ይሄን ያህል ጎበዝ ከሆነች ለምን ራሷ ሹራቡን አትሠራውም?” አሉት።

አማቻቸው ጥያቄው ከሙያ ውጪ ነው ብሎ አለፈው። ሺህ ጊዜ የሚበልጠውን አዋቂ የደካማው መልእክተኛ አድርጎ መቅጠር ለእሱ ምኑም አይገርምም።

የመጀመሪያው ረድፍ አለቀ፣ ክርን አረፈ፣ ኪቦርዱ ተስፈንጥሮ ጠረጴዛው ሥር ገባ። አማች በፕላስተር ለጠፈው። ከዚያ በኋላ ሥራው ሰመረ፤ ሹራብ ሠሪዋም ክር ሊያጠነጥኑ ተነሡ። ተመልሰው ክርናቸውን ቢያሳርፉ ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም።

“ተኝቶ ነው፣ እማዬ” አለ አማች። “አምስት ደቂቃ ካልነኩት ባትሪ ለመቆጠብ ይተኛል።”

“ምን ሠርቶ ደከመው?”

የመቀስቀሻዋ ጉሸማ ደግሞ አትቆጠርም። በእንቅልፉ ሰበብ ረድፎች ተምታተው አንዱ ዶሮ ያለ አንገት ወጣ። አማች ለሰሌዳዋ አዲስ ፕሮግራም ሊጭንላት ተቀመጠ፤ እሱን የሚጭንበት ላፕቶፕ ራሱ መጀመሪያ መታደስ አለብኝ አለ፤ ሲታደስ አመሸ። ሦስት ኮምፒውተሮች ለአንዲት ቁልፍ ተሰልፈው ረቡዕ በከንቱ አለፈ።

ሐሙስ ማውስ መጣ። ይሄኛው ባለ ሽቦ ስለሆነ አይተኛም፤ በሰሌዳዋ አስተርጓሚነት አሮጌው ኮምፒውተር የጌም መጫወቻ መዘውር ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ ጠቅ ማለቱም እንደ ረጅሙ ቁልፍ ያገለግላል። እውነትም አገለገለ። ችግሩ ክርን ሲያርፍበት ማውሱ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ኮምፒውተሩ ይህን “ሥዕሉን አሳልፍ” የሚል ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል። ዶሮው በየረድፉ ወደ ጎን እየተራመደ ሄዶ ራሱን ብብት ውስጥ ወሸቀ። አማች ግን ተደሰተ። ይህ የሚያሳየው የማውሱን ንቃት ነው፤ የፀጉር ስፋት እንቅስቃሴ አያመልጠውም፤ ንቃቱን የሚቀንስ ፕሮግራም በሁለት ቀን ይጽፋል።

ሁለት ቀን ማለት ቅዳሜ ነው። ሹራብ ሠሪዋ ደማቸው ፈላ፤ ሆኖም የልጃቸው ባል ነውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሄዶ ምሳውን እንዲበላ ለመኑት። እሱ ወጥቶ በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ፣ ማውሱን ገለበጡ፣ ከሥሩ ቀይ የሚያበራውን ዓይን አዩት። ለቁስል ከሚጠቀሙበት ፕላስተር ቆርጠው ዓይኑን ደፈኑት። ከዚያም ማውሱን በሹራብ ክር ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ጠፍንገው አሰሩት።

ገፉ፣ ጎሸም አደረጉ። ገፉ፣ ጎሸም አደረጉ። እግር፣ ሆድ፣ አንገት፣ ኩክኔ፣ ሁሉም በየቦታው ወጣ።

አማች ሲመለስ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ይህ ማውስ በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ውስጥ አሥራ ስድስት ሺህ ነጥብ ለይቶ የሚያይ እንደነበር፣ አሁን ግን ከአንዲት ቁልፍ በቀር ምንም እንዳልቀረው አስረዳ።

“አንዲት ቁልፍ ነበር እኮ የጠየቅሁህ” አሉ ሥራቸውን ሳያቋርጡ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ የመጨረሻው ሹራብ እጅጌ እየተሰፋ መኪናው ደረሰ። ዲሬክተሯ ሃያውን አንድ በአንድ ዘርግታ ዶሮዎቹን አየች፣ ለከርሞም ስድሳ አዘዘች። መኪናው ሲሄድ አማች ጉሮሮውን ጠርጎ አዲስ ሐሳብ አመጣ፤ ለስድሳው ክርን ጭራሽ የማያስፈልግበት፣ እርስዎ “ቀጥል” ሲሉ ሰምቶ የሚሠራ መሣሪያ እገጥምልዎታለሁ አለ።

የሹራብ ሠሪዋ ቀኝ ክርን ቆዳው ቀልቶ ነበርና አሸት አሸት አደረጉት።

“እሱን ተወውና ሌላ ማውስ አምጣልኝ” አሉት። “ዓይኑን እኔ እደፍነዋለሁ። ግራው ክርኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈቶ ነው የሚቀለበው።”