ያልተሳበችው እጀታ

ጋሽ ሳህሌ ከፒካፑ ሥር ተንሸራትተው ወጡና ዘይት የነካ ጣታቸውን አሸተቱ። ከዚያ ለደጊቱ ዘረጉላት። ዘይቱ ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

"ካምቢዮው አልቆለታል" አሉ። "እንዲህ የሚሆነው ሳይላቀቅ ሲጎተት ነው።"

"አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የረሳሁት" አለች ደጊቱ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ስላለችው ከአፏ ለመውጣት አላስቸገራትም።

ፒካፑ የባሏ የካሳሁን ነበር። ታናሽ ወንድሙ ገሠሠ መኝታና ማድቤት ያለው አሮጌ ሞተርሆም ገዛ። ያን የሚያክል መኪና ይዞ ከተማ ለከተማ መዞር ስለማይመች፣ ካሳሁን ፒካፑ ከኋላው በአራት ጎማው እየተንከባለለ እንዲጎተት አሰበ። አሜሪካ፣ ክላርክስተን ከተማ ባለው የጋሽ ሳህሌ ጋራዥ ወለል ላይ ሁለት ቅዳሜ አብሯቸው ተኝቶ ማላቀቂያ አስገጠመ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ያለችው እጀታ ስትሳብ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ይላቀቃል፤ ጎማው ቢዞርም ካምቢዮው አይዞርም። ስትገፋ ዘንጉ ይገጥማል፣ መኪናውም ይነዳል። ካሳሁን ይህን ለሚስቱ አሳያት። አንድ ጊዜ ብቻ አብረው ተጓዙ። በዓመቱ ሞተ።

በጁላይ አራት፣ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ዕረፍት፣ ገሠሠና ሚስቱ መሲ ሳቫና ወደ ባሕሩ ዳርቻ እንውሰድሽ አሏት። ደጊቱ ከሥራ አድራ ሮዝዌል እነሱ ቤት ሄደች፤ ፒካፑን ከሞተርሆሙ ጋር አያያዘች፣ እጀታዋን ሳበች፣ ሞተርሆሙ ውስጥ ገብታ ኋላ መኝታው ላይ ተኛች። የነቃችው ሳቫና ሊደርሱ ሲሉ፣ ሰው ጥሩምባ ሲነፋባቸው ነው። ፒካፑ ይጨሳል። የፒካፑን በር ከፍታ ስታይ እጀታዋ ተገፍታለች።

"ሳልስባት ቀርቼ ነው?" አለች።

ገሠሠ መሲን አያት። ከዚያ "ይሆናል፣ እትዬ" አለ።

ጉዞው እዚያ ላይ ቀረ። በሳምንቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እነገሠሠ ቤት በተሰበሰበው ሰው ፊት ተነሥታ ዕረፍታችሁን ስላበላሸሁ ይቅር በሉኝ አለች። መሲ አቀፈቻት። ገሠሠም ሐዘን እንዲህ ያደርጋል፣ ማንም አይፈርድብሽም አለ። ሰዉ አንገቱን ነቀነቀ።

ያስፈራት የመኪናው ነገር አልነበረም። እጀታዋን ስትስብ መዳፏን ቆንጠጥ እንዳደረጋት ሳይቀር ታስታውሳለች። ያልሠራችውን እንዲህ አጥርታ የምታስታውስ ከሆነ፣ ደንዉዲ በምትሠራበት ሆስፒታል ለሕመምተኛ የሰጠችውን መድኃኒትስ? ከዚያ ወዲህ ሌላ ነርስ ጠርታ ሳታሳይ መርፌ አትይዝም። ሰኞ ዕለት ደግሞ መድኃኒት ከመስጠት ሥራ እንድታነሣት አለቃዋን ጠይቃለች። አለቃዋ እስከ ዓርብ አስቢበት ብላታለች።

ጋሽ ሳህሌ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "ታዲያ ገሠሠ አልነገረሽም እንዴ?" አሉ።

"ምኑን?"

ገሠሠ በጉዞው ቀን፣ መንገድ ላይ ካለችው ከሜከን ደውሎላቸው ነበር። ሞተርሆሙን ማደያ አቁመን፣ ዕቃ ልንገዛ ፒካፑን ፈታነው፤ ሞተሩ ይነሣል፣ መኪናው ግን አልሄድ አለ ብሎ ነው። እሳቸውም እጀታዋን ግፋት አሉት፤ ስትመለስ ደግሞ ትራንስሚሽኑን ነጻ ሳታደርግ እንዳትጎትት። መሲም ከጎኑ ሆና ሰላም ብላቸዋለች።

"መሲም ነበረች?"

"ነበረች። ምነው?"

ደጊቱ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። "ምንም" አለች።

ገሠሠ ሊወስዳት የደረሰው ያኔ ነው። ካሳሁን ከሞተ ጀምሮ ሣሯን የሚያጭድላት፣ የታክስ ወረቀቷን የሚሞላላት እሱ ነው፤ ፒካፑ ከቆመ ወዲህ ሥራ የሚያደርሳትም እሱ። ፓርክ አድርጎ ወረደና ትራፊኩ ጉድ ነው፣ ቶሎ እንውጣ አለ።

"ገሠሠ፣ እኔ ተኝቼ ሳለ ሜከን ላይ ፒካፑን ፈትታችሁት ነበር?"

"ኧረ አልነካነውም። ነዳጅ ቀዳን፣ ሄድን።" ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እትዬ፣ እንዲህ እያሰብሽ ራስሽን አትጉጂ። ሐዘን ነው።"

"ሐዘኔን እዚህ ውስጥ አታስገባው።"

ጋሽ ሳህሌ ከጋራዡ በር ላይ ሆነው ይሰማሉ። የሙያ ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ያለ ቁጣ "አንተ ልጅ፣ ትራንስሚሽኑን ነጻ አድርግ ብዬህ አልነበር?" አሉት።

"አድርጌዋለሁ እኮ፣ ጋሼ። ኒውትራል አድርጌ ነው የ..."

አልጨረሰውም።

ጋሽ ሳህሌ የተጋደመ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። ሙያውን የተማሩት አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ ካምቢዮ ማርሹ ያለበት ሳጥን ነው፣ ትራንስሚሽን ደግሞ ረጅሙ ዘንግ። አሜሪካ መጥቶ መኪና የለመደው ገሠሠ ግን ትራንስሚሽን የሚለው ያንኑ ሳጥን ነው። ማርሹን ነጻ ላይ አድርጎ፣ ዘንጉን እንደተገጠመ ጎተተው።

"እኔ ዘንጉን ማለቴ ነበር። ጥፋቱ የእኔም ነው" አሉ።

"የእርስዎ አይደለም" አለች ደጊቱ። ወደ ገሠሠ ዞረች። "የእሱም አልነበረም፤ ቃል ነው የተሳሳተው። መንገድ ላይ እጀታዋን ስታያት ግን ገብቶህ ነበር።"

"ልነግርሽ ነበር" አለ ገሠሠ። "አንቺ ቀድመሽ ሳልስባት ቀርቼ ነው አልሽ። ከዚያ ሰው ሁሉ ሰማ። እንዴት አድርጌ ልመልሰው?"

"እኔ ያን ሁሉ ሰው ይቅርታ ስጠይቅ አጠገቤ ቆመህ ነበር።"

የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ። ላድርስሽ፣ በመንገድ እናውራ አላት። ሂድ አለችው። መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ደጊቱ ስልኳን አውጥታ፣ ሥራዬ ላይ እቀጥላለሁ ብላ ለአለቃዋ ጻፈች።

ጋሽ ሳህሌ ከወዳደቀ መኪና ሌላ ካምቢዮ ፈልገው እንደሚገጥሙላት ነገሯት።

"ማላቀቂያውንም ይፍቱልኝ" አለች። "ዘንጉን እንደ ድሮው ቀጥታ ይግጠሙት።"

"ከዚያ ወዲያ አይጎተትም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ካሳሁን በእጁ..."

"አውቃለሁ፣ ጋሽ ሳህሌ።"

ሽማግሌው መፍቻቸውን አንሥተው ወደ ፒካፑ ተራመዱ፤ ከዚያ ቆም አሉ።

"እጀታዋንስ ላስቀምጥልሽ?"

ደጊቱ የፒካፑን በር ከፍታ እጀታዋን አየቻት።

"አይ" አለች። "ከሌላው ብረት ጋር ይጣሏት።"