ገጽ መቶ አርባ አንድ

ዶክተር አፔኒሳ ጽሑፉን ሲያቀርብ፣ ሰው ጠጋ ብሎ እንዲሰማው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቫሲቲ ጠጋ አላለችም። ከኋላ ተቀምጣ የታደለውን ወረቀት የግርጌ ማስታወሻዎች ታያለች። ሰው ፊቱን ታጥቦ ይመጣል፤ እዚያ ታች ግን እጁን መታጠብ ይረሳል።

ርእሱ የአገር አለቃ ሲሞት ባሕሩ ለመቶ ቀን ከአሣ አጥማጅ ስለሚከለከልበት ልማድ ነው። ቫሲቲ ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቀችበት ርእስ። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ሽማግሌዎችን አነጋግራ የሁሉንም ስም ጽፋለች። በዶክተሩ ወረቀት አሥራ ዘጠኙም «የአካባቢው ነዋሪዎች» ሆነዋል። የእሷ ስም ጭራሽ የለም። ይህ ከታተመ፣ እሷ ነገ የምታሳትመው የሱ ግልባጭ ይባላል።

በምትኩ አንድ የድሮ የአሣ ሀብት ሪፖርት ተጠቅሷል፤ ገጽ 141።

ጆሮዋ ጋለ። ሪፖርቱ ዘጠና ስድስት ገጽ ብቻ ነው። 41 ለማለት 141 ብላ የጻፈችው ራሷ ነበረች። ስሕተቷን ያየችው የመመረቂያ ጽሑፏ ከተጠረዘ በኋላ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው እንዳያይባት ስትሳቀቅ ኖራለች።

ንግግሩ አልቆ ሰዉ ያንጎና የሚሉት የሥር መጠጥ በተዘጋጀበት ገበቴ ዙሪያ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሮጠች።

«እንዴ ቫሲ፣ የሚቃጠል ቤት አለ?» አለች የመጻሕፍቱ ጠባቂ ካምላ።

«ያንን የድሮ ሪፖርት ስጪኝ፣ እህቴ።»

«ካንቺ በኋላ ማን ነክቶት! ይኸው፣ የመጨረሻው ፊርማ ያንቺ ነው።»

ስትመለስ ዶክተሩ ፈገግ አለ። «ነይ ልጄ። ዓይን አፋሯ ልጃችን ጥያቄ ሳይኖራት አልቀረም!» ሰዎች ሳቁ።

«ሪፖርቱን የት አነበቡት፣ ዶክተር?»

«እዚሁ ነዋ፣ በገዛ ዓይኔ። አቧራው ሲያስነጥሰኝ ሰነበተ።»

ቀጭኑን ሪፖርት ፊቱ አስቀመጠች። «እስቲ ገጽ 141ን ያሳዩን።»

ገለጠ፣ ገለጠ፣ የጀርባው ሽፋን ላይ ደረሰ። «የቁጥር ግድፈት ነው። የጽሕፈት ሠራተኛዋ…»

«ግድፈቱ የኔ ነው።» የራሷን የመመረቂያ ጥራዝ ከቦርሳዋ አውጥታ አጠገቡ ዘረጋች። «ይኸው፣ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የሰረቁትን እንኳ አላነበቡትም፣ ዶክተር።»

የሳቀ የለም። ቀጂው ለዶክተሩ የተሞላውን ጽዋ እንደያዘ ቀረ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ላይሳ ሁለቱን ገጾች አስተያዩ። «ይህ ጽሑፍ የትም አይላክም» አሉ። ከዚያም ወደ ቀጂው ዞረው «ጽዋውን መጀመሪያ ለሷ» አሉት።

ቫሲቲ እንደ ልማዱ አጨብጭባ ተቀበለች፤ መራራውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ከዚያ እስክሪብቶ አወጣችና፣ ሁሉም እያያት፣ ከገዛ ጥራዟ ላይ ከ141 የፊተኛዋን አንድ ሰረዘች።