ማቀዝቀዣው ቅዳሜ ምን ሠራ?

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሽሪምፕ የሚሉትን ባለቅርፊት የባሕር እንስሳ በበረዶ ሲያሽጉ የኖሩትን ሚስ ኦዴሊያን ስለ ቅዝቃዜ የሚጠይቃቸው ሰው ጠፋ። ይልቁንስ አሁን የሚያጸዱበት ክሊኒክ ካሚል የምትባል አሰልጣኝ ነርስ ከባተን ሩዥ ከተማ አስመጣ፤ የጥፍሯ ርዝመት ዓሣ ይበልታል። እሷ የክሊኒኩን ረዳቶች ሰብስባ የክትባት አቀማመጥና አወጋግ ስታስተምር፣ ሚስ ኦዴሊያ ወለል ይወለውላሉ። ከረዳቶቹ አንዷ የልጅ ልጃቸው ዳኔል ናት። ዛሬ ለማሳያ የሚወጋውም የዳኔል የሁለት ወር ሕፃን ነው።

ካሚል የክትባቱን ማቀዝቀዣ ከፈተችና የሙቀት መለኪያ መሣሪያውን አሳየች።

«ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ። ይኸው፣ አራት ይላል። ሰላም ነው።»

ከማቀዝቀዣው የኋላ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ የነበረ የክትባት ካርቶን ሳበች። ሚስ ኦዴሊያ መወልወያቸውን አቆሙ። የካርቶኑ ጥግ ሾርባ ውስጥ እንደወደቀ ዳቦ ልፍስፍስ ብሏል።

«ይሄ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ነው» አሉ።

«አያቴ፣ በፈጠረሽ አታዋርጂኝ» አለች ዳኔል በሹክሹክታ።

ካሚል ለሕፃን የሚፈገገውን ዓይነት ፈገግ አለች። «ሚስ ኦዴሊያ፣ ይሄ እኮ ሽሪምፕ አይደለም። መሣሪያው አራት ነው የሚለው።»

«አሁን ምን እንደሚል ማን ጠየቀሽ? ሰካራምም እሁድ ስብከት ላይ ጨዋ ነው። ቅዳሜ ምን ሲሠራ እንደዋለ ጠይቂው!»

ረዳቶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ዳኔል ግን ሕፃኑን ደረቷ ላይ ጥብቅ አደረገችና፣ «እስኪ ሰሞኑን እስከ ስንት እንደወረደ እዪልኝ» አለች ካሚልን።

ካሚል አሮጊቷን ዝም ላሰኝ ብላ ያለፉትን ቀናት የሚያሳየውን ቁልፍ ተጫነች። መሣሪያው ቅዳሜን ተናዘዘ፦ ከዜሮ በታች ሦስት። ፊቷ ካርቶኑን መሰለ።

«ክትባቱን በረዶ ከነካው ኃይሉን ያጣል» አለች ድምፅዋ ወርዶ። «በዓይን ደግሞ አይለይም።»

«ልጄን በከንቱ ልታስለቅሱት ነበራ!» አለች ዳኔል።

«እውነቱ ተፈልፍሎ ወጣ» አሉ ሚስ ኦዴሊያ፤ የሽሪምፕ ሰው ቃል ነው፣ ቅርፊቱ ሲወልቅ የሚባል።

ካሚል ካርቶኖቹን ሁሉ ለይታ «እንዳይነካ» የሚል ወረቀት ለጠፈችባቸው፤ አዲስ እንዲላክም ደወለች። የሕፃኑ ቀጠሮ ወደ ሐሙስ ተዛወረ። ከዚያ ስለ ብልሽቱ ቅጽ ሞላች። ሚስ ኦዴሊያ በትከሻዋ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ብልሽቱን ያገኘው ማነው ብለሽ ጻፍሽ?»

«የክሊኒኩ ሠራተኞች።»

«እንዲያ ነው? ማንበብ አልችልም፤ የስሜ የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን እንደ ድስት አፍ ክብ ነው። እዚህ ውስጥ ድስት አላየሁም። በይ ሰርዢና ስሜን ጻፊ!»