ወደ ቀን ፈረቃ ስለ መዛወር

ሸማኔዋ ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን ካልተዛወረች እናቷን አንድ ቀን መኪና እንደሚበላት ታውቃለች። እናትየዋን ትውስታዋ ከከዳት ቆይቷል። ቀን ቀን ሰላም ናት፤ ሲመሽ ግን በር ከፍታ ውልቅ ትላለች። ሲቆለፍባት ደግሞ በጩኸት ሰፈሩን ታነቃለች፤ አከራይዋ ከአሁን በኋላ እንዲህ ካደራችሁ ቤቴን ልቀቁ ብላለች።

ፋብሪካው ውስጥ ማመልከቻ በራሱ እጅ የሚጽፍ ሰው የለም። ሁሉም የሚሮጠው ዕቃ ግምጃ ቤት ወደሚሠራው ሰውዬ ነው፤ «ጠበቃው» ይሉታል። ጠበቃው ደግሞ ልመና አይወድም።

«እናትሽን ብንጽፍ፣ እናት የሌለው ማን አለ ይሉሻል» አላት። «አለቃ የሚሰማው ጥቅሙን ነው። ዋጋሽን እናሳየው!»

«አንድ መስመር እንኳ ስለ እሷ...»

«እታለም፣ ተይኝ ሥራዬን ልሥራ።»

ጻፈ። አንድም ሌሊት ቀርታ እንደማታውቅ፣ በእጇ ጨርቅ እንደማይበላሽ፣ ሌላው እንቅልፍ ሲጥለው የእሱንም ማሽን ደርባ እንደምትጠብቅ። ሲያነብላት እንባዋ መጣ፤ እንዲህ ብሎ ያመሰገናት ሰው ኖሮ አያውቅም። የዋህ፣ ደስ ብሏት ፈረመች።

የምርት ክፍሉ ኃላፊ አስጠርቶ፣ ብድግ ብሎ ጨበጣት።

«ለካ ሌሊቱን ቀጥ አድርገሽ የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ! አንቺን ቀን ባደርግሽ ሌሊቱ ገደል ገባ ማለት አይደል? ይልቅ ከዛሬ ጀምሮ የሌሊቱ ተቆጣጣሪ ሆነሻል።»

«ጌታዬ፣ እናቴ እኮ ታማብኝ...»

«ይማርልሽ» አለ ወረቀቱን አገላብጦ እያየ። «ግን እዚህ ላይ እናት የሚል የለም። ደግሞ እንዲህ ያለ ዕድገት ስንቱ ለምኖ ያጣዋል!»

ጠበቃው ወሬውን ሲሰማ «አላልኩሽም?» ብሎ ሊያቅፋት ተነሣ። ምን ትበለው? ታቀፈችለት።

ቤት ስትደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። እናቷ ጫማዋን አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?»

እናትየዋ ፊቷን አየት አየት አደረገችና እንደ እንግዳ አክብራ መለሰችላት።

«ልጄን ልፈልግ ነዋ። ማታ ማታ ትጠፋብኛለች። እርስዎ አላዩዋትም?»



«አይቻታለሁ። እየመጣች ነው» አለቻት፤ የሥራ ልብሷንም መልበስ ጀመረች።